የባሕር ዓሣ ትልና የናዝሬት የጾም ቁርጥ

በጡረታ መሸኛዬ ዕለት ንግግር ያደረገው ወጣት ኃላፊ «እማማ ትርሲት በሥጋ ምርመራ ሙያ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ» ሲል ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። አዳራሹ እንባ የተናነቀኝ መስሎት ጸጥ አለ። «ሥጋ አይደለም ልጄ፣ ዓሣ ነው!» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ልጁ ደንግጦ ወረቀቱን አገላበጠ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። በሬማ ምን አለው? በእግሩ መጥቶ ይታያል፣ ይታረዳል፣ ጉበትና ሳንባው ይገላበጣል፣ በቃ። ዓሣ ግን ምን ይዞ እንደመጣ የሚያውቀው የጎረጎረው ሰው ብቻ ነው።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ያገሬ ሰው። በናዝሬት ገበያ ሳልፍ ስንቱ ይህን ተረት ከኋላዬ ወርውሮታል! ቅር ብሎኝ አያውቅም። እንዲያውም እውነት ስለሆነ ደስ ይለኛል፤ ዘንዶውን አውጥቻለሁ። የአሁኑ ትውልድ አዳማ እያለ የሚጠራት ከተማ ያኔ ናዝሬት ነበረች፤ ዘመኑም የደርግ ዘመን ነበር፤ ታሪኩም እንዲህ ነው።

የሳኒታሪያን ትምህርቴን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት ዝዋይ ነው። አብረውኝ ከተመረቁት ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ መዳቢዎቹ ወዴት እንደሚልኩኝ ግራ ገብቷቸው ከርመው በመጨረሻ «ሐይቅ ዳር ነፋሻ ነው፣ ይስማማሻል» ብለው ሸኙኝ። ደመወዙ ለቤት ኪራይ፣ ለሽሮና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም። ነፋሻ የተባለው ቦታ ደግሞ ዓሣ ይሸታል። በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ መብላት አቅቶኝ ነበር፤ በወሩ ግን ሽታው የት እንደሄደ አላውቅም።

እዚያ ያገኘሁት ሰው ሙያዬን ሠራኝ። ጋሽ ገመዳ ይባላሉ፤ ሐይቁ ዳር ተወልደው፣ ሐይቁ ዳር ያረጁ የዓሣ መርማሪ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚመጣና ቶሎ የሚሄድ ሰው። ቢላቸውን የሚያጥቡት ሁልጊዜ ከቤት በፔርሙስ ይዘውት በሚመጡት የፈላ ውኃ ነው፤ ሰው ሻይ መስሎት «ጋሼ፣ አንድ ስኒ» ሲላቸው «ቢላዬ ይጠጣ መጀመሪያ» ይሉታል። ዓሣ ሲያዩ መጀመሪያ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ከጆሮው ሥር ያለውን ቀይ መተንፈሻ፣ ከዚያ በአውራ ጣታቸው ሥጋውን ጫን አድርገው ጉድጓዱ መመለሱን ያያሉ። ይህን ማንም ያደርገዋል። ማንም የማያደርገው ግን አንድ ነገር ነበራቸው። ባለቤቱ በሌለበት ዓሣ አይከፍቱም። አስጋሪው ሚስቱ ብትወልድ እንኳ እስኪመለስ ይጠብቁታል።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ አንድ ቀን፤ ልጄ ማለታቸው ነው በኦሮምኛ። «አንቺ ከፍተሽ ትል ብታሳዪው፣ ትሉ ያንቺ ነው። እሱ ራሱ ከፍቶ ካገኘው ግን ትሉ የሱ ነው። የራሱን ትል ማንም አይክድም።»

የሐይቁን ትል ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ቆሮሶ የምንለውን ዓሣ ከመተንፈሻው በታች ሲከፍቱት፣ ልቡ አጠገብ ቀላ ያለ ትል ተጠምጥሞ ተኝቷል። እኔ ወደ ኋላ ዘለልኩ። እሳቸው ወደ ሰማይ ጠቆሙኝ፤ ዓሣ አዳኝ አሞራዎች ውኃው ላይ ያንዣብባሉ። «ቤቱ እዚያ ነው» አሉኝ። «ትሉ የሚያድገውና የሚወልደው አሞራው ሆድ ውስጥ ነው። ዓሣው መንገዱ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። የባሕሩም ዓሣ እንዲሁ ነው፤ የዚያ ቤቱ ዓሣ ነባሪ ሆድ ነው። በስህተት ሰው ሆድ ከገባ ግን መንገድ የጠፋበት እንግዳ ይሆናል። መውጫ ሲፈልግ ግድግዳ ይቦረቡራል።» ስለዚህ ነገር ከዚያ በኋላ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ግን አላገኘሁም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ናዝሬት ተዛወርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ዓሣ አይወድም ነበር። ዓሣ የማይወድ አለቃ በረከት ነው፤ ሥራህን አይነካብህም። እሱ ሲዛወር የመጣው ጓድ ክፍሌ ግን ሁሉን የሚነካ ሰው ሆነ። ክፉ አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ነገር አንድ ጊዜ ከገባው፣ ግማሹ ብቻ ገብቶት እንኳ ቢሆን፣ ወዲያው ትእዛዝ ያወጣል።

በዚያ ዘመን ሥጋ በወረፋ ነበር። የባሕር ዓሣ ከአሰብ በመኪና፣ በበረዶ ተሞልቶ፣ በአዋሽ በኩል ሲገባ ከተማው እንደ ዘመድ ይቀበለው ነበር። ሹፌሩ ትልቁን፣ እንደ ክንድ የረዘመውን ዓሣ በዐረቦቹ ስም ዴራክ ይለዋል። የመጀመሪያውን ጭነት ስመረምር ዓይኑም መተንፈሻውም ንጹሕ ነበር። ሆዱን ስከፍተው ግን በአንጀቱ ዙሪያ፣ በጉበቱ ላይ፣ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለሉ ነጫጭ ትሎች አገኘሁ። የሐይቁ ትል ዘመድ ነው፤ የባሕሩ።

ጭንቄ የሆዱ ትል አልነበረም፤ ሆድ ዕቃ ይጣላል። ጭንቄ ሥጋው ነው። ዓሣው እንደተያዘ ሆዱ ካልጸዳ፣ ከሞተ በኋላ ትሉ ሆዱን እየለቀቀ ወደ ሥጋው ይገባል። በሥጋው ውስጥ ደግሞ በባዶ ዓይን አይታይም። ስለዚህ የብርሃን ጠረጴዛ አሠራሁ። የተሰበረ የአውቶቡስ መስኮት መስታወት ከጋራዥ ለመንኩ፤ አናጢው እግር አበጀለት፤ ከሥሩ አምፖል አበራሁ። ዓሣውን ስስ አድርጌ ቆርጬ መስታወቱ ላይ ስዘረጋው ሥጋው ጽጌረዳ ይመስላል፤ ትሉ ጥላ ሆኖ ይታያል። የሠራተኛ ክበቡ ሰዎች «ትርሲት ለዓሣ ራጅ ታነሣለች» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ይቀልዱ! በኩራት ነበር የማሳያቸው።

ይህ ሁሉ የበሰለ ለሚበላ ሰው ምንም አይደለም። በደንብ የተጠበሰ፣ በደንብ የተቀቀለ ዓሣ ውስጥ ትሉ ይሞታል። የናዝሬት ጣጣ ግን የጾም ቁርጥ ነበር።

ይህን ያመጣችው ወይዘሮ ጫልቱ ናት፤ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ዓሣ ቤት የነበራት። ባሏ ዘማች ሆኖ ሰሜን ከሄደ በኋላ አራት ልጆቿን በዚያች ቤት ነበር የምታሳድገው። እጇ የተባረከ፣ ምላሷም ያልታሰረ ሴት ናት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ልተወውና፣ በናዝሬት የሚበላው ብዙ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ጥሬ ሥጋ ወዳዶቹ ወንዶች ይታመማሉ፤ በእውነት ነው የምላችሁ፣ ፊታቸው ይከሳል። ጫልቱ ይህን አየችና የባሕሩን ዓሣ እንደ ቁርጥ አድርጋ፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር አቀረበች። ከተማው አበደ። «የጾም ቁርጥ» ተባለ፤ ከሞጆም ከመተሐራም ሰው ይመጣላት ጀመር።

የቁርጡ ጳጳስ ደግሞ ጋሽ ዘለቀ ነበር። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ሆዱ የተከበረ፣ ድምፁ ከሆዱ የሚበልጥ። ስለ ትሉ ስነግረው በርኅራኄ አየኝ።

«ሲስተር፣ ሎሚ የት ሄዶ? አዋዜ የት ሄዶ? ከላዩ አረቄ ሲወርድበት ትል አይደለም ሰው ይሞታል።»

«ጋሽ ዘለቀ፣ ሎሚ ይህን ትል አይገድለውም።»

«ባይገድለውስ? ኮሶ የት ሄዶ?»

ይህ ነበር ስህተታችን፤ የሌላ አገር ሰው የማይሳሳተው የእኛው ስህተት። ጥሬ ሥጋ በልተን ኮሶ ሲይዘን የኮሶ አበባ ጠጥተን እናወርደዋለን፤ ስንት ትውልድ እንዲህ ኖረ። ስለዚህ ትል ማለት ለእኛ ቀጠሮ ያለው እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ይስተናገዳል፣ ሲያስቸግር ይሸኛል። የባሕሩ ትል ግን አንጀት ውስጥ ተዘርግቶ የሚቀመጥ አይደለም። የሆድ ግድግዳ ውስጥ ራሱን ይሰካል። ኮሶ አይደርስበትም።

ማሳየት አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። የዓሣ ቤት ባለቤቶችንና ደንበኞቹን ቀበሌው አዳራሽ አስጠራሁ። ጠዋት ከዓሣ ውስጥ ትሎች ለቅሜ በጠርሙስ ጨው ውኃ አድርጌ፣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ይዤ መጣሁ። ሊቀ መንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ንግግር አደረገ፤ ንግግሩ እንደ ዘመኑ ንግግር ረጅም ነበር። ጠርሙሱ መኪናው ውስጥ ነበር፤ መኪናው ፀሐይ ላይ።

ተራዬ ሲደርስ ትሉን ሳህን ላይ አድርጌ ሎሚ እንዲጨምቅበት ጋሽ ዘለቀን ጋበዝኩት። ጨመቀ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ትሉ አልተንቀሳቀሰም። ሌላ አወጣሁ፤ እሱም ያው። አንዱም ንቅንቅ አላለም።

«እግዜር ይስጥሽ ሲስተር!» አለ ጋሽ ዘለቀ እጁን ዘርግቶ። «ሎሚ እንደሚገድለው አሳየሽን!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጫልቱ እንኳ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሳህኔን ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን ያዋረደኝ ሳቁ አልነበረም፤ የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ጥሬ ዓሣ የሚበላው ሰው በዛ፤ ይፈሩ የነበሩት ሁሉ «ጤና ጥበቃ ራሱ ሎሚ ይበቃል ብሏል» እያሉ መጡ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የመረረኝ ነገር የለም።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተር ሳሙኤል ከሆስፒታል ሰው ላከብኝ። ወጣት ሐኪም ነው፤ የብርሃን ጠረጴዛዬን አንድ ጊዜ መጥቶ አይቶ ሳይስቅበት የሄደ እሱ ብቻ ነው። «አንድ ነገር አብረን እንይ» አለኝ።

ኤርሲዶ የሚባል የወንጂ ሸንኮራ ትራክተር ነጂ አልጋ ላይ ተኝቷል። ከከምባታ የመጣ ጠንካራ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ጉልበቱን ደረቱ ድረስ አጥፎ ያቃስት ነበር። ደመወዝ በተቀበሉ ዕለት ጓደኞቹ ናዝሬት ወስደው የጾም ቁርጥ ጋብዘውታል። ሲመሽ ሆዱን ወጋው። ጓደኞቹም እንደ ወግ ኮሶ አጠጡት። ኮሶው ያለውን አቅም ሁሉ አሟጦ አስወጣው፤ ውጋቱ ግን ባሰ። ሆስፒታል ሲደርስ ትርፍ አንጀት ወይም የተበሳ ጨጓራ ነው ተብሎ ለቀዶ ጥገና ሊዘጋጅ ነበር። በዚህ መካከል ሲያስመልሰው ነርሷ በሳህኑ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር አየችና አስቀመጠችው።

«ወስፋት አይመስለኝም» አለኝ ዶክተሩ።

በማይክሮስኮፑ ተራ በተራ አየን። ራሱ ላይ ያለችውን ትንሽ የመብሻ ጥርስ አየሁ። «ይህን አውቀዋለሁ! ከአሰብ ነው የመጣው» አልኩ። ወደ ኤርሲዶ ዞሬ ምን እንደበላ ስጠይቀው፣ ሕመሙ ውስጥ ሆኖ «ዓሣ... ጥሬ... ሎሚ ነበረው» አለኝ። ዶክተር ሳሙኤል ቀዶ ጥገናውን አስቆመ። ከሰውነቱ የወጣውን ውኃ በግሉኮስ ተኩ፣ ሕመሙን አስታገሱ፣ በቅርብ ጠበቁት። ትሉ በሰው ሆድ ውስጥ ረጅም ዕድሜ የለውም። ውጋቱ ቀስ በቀስ ለቀቀው፤ ሆዱ ሳይከፈት በእግሩ ወጣ።

እኔ በደስታ ልበር ደረስኩ። ጓድ ክፍሌ ግን ወሬው ጆሮው ሲገባ በማግሥቱ ትእዛዝ አወጣ። የባሕር ዓሣ ከእንግዲህ ናዝሬት አይገባም፤ የገባው ይቀበር፤ የጫልቱ ቤት ይታሸግ። ታሸገ። ከአሰብ የመጣውም ጭነት ከከተማው ውጪ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ሲጣል፣ ሰዎች ባዶ ሳህን ይዘው ቆመው ያዩ ነበር።

ጫልቱ ቢሮዬ መጥታ ወንበር ስሰጣት አልተቀመጠችም።

«ትርሲት፣ እኔን ሰው የመረዝኩ አደረጋችሁኝ?»

«ጫልቱዬ፣ እኔ አይደለሁም...»

«ማን እንደሆነ ምን ያደርግልኛል! አባታቸው ይኑር ይሙት አላውቅም። ያለኝ ያቺ ምጣድ ናት። ያ ዋቅ! ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ብላ በቆመችበት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

እንባዬን ጠርጌ ጓድ ክፍሌ ዘንድ ገባሁ።

«ጓዲት ትርሲት፣ ዓሣው ትል አለበት ወይስ የለበትም?» አለኝ።

«አለበት።»

«እንግዲያው ለሰፊው ሕዝብ አይቀርብም።»

«ጓድ ክፍሌ፣ ጎመንም ትል አለበት። ጎመን እንቅበር?»

ቅንድቡን አነሣ። እንዲህ ያለ መልስ በዚያ ዘመን ብዙ ያስከፍል ነበር፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት። «የሚበስል ዓሣ አይጎዳም» አልኩ በፍጥነት። «ችግሩ ጥሬው ነው። ሕዝቡ ጥሬ መብላት ካቆመ ዓሣውም ይገባል፣ የሴትየዋም ቤት ይከፈታል።»

«ማን ያስቆመዋል? አንቺ ባለፈው ሞክረሽ ሎሚ የሚሸጡትን አበለጸግሽ።» ወሬው ደርሶታል ማለት ነው! «አንድ ዕድል» አለ። «በሕዝብ ፊት፣ እኔ ባለሁበት። ካሳመንሽ እሽጉ ይነሣል። ካላሳመንሽ ግን እንደታሸገ ይቀራል።»

በመጀመሪያው አውቶቡስ ዝዋይ ሄድኩ። ጋሽ ገመዳ ጡረታ ወጥተው መረብ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ውርደቴን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ጠርሙሱ የት እንደነበረ ጠየቁኝ። ስነግራቸው መረቡን ጥለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ሎሚው መች ገደለው? የናዝሬት ፀሐይ ናት የገደለችው! ገና ሳትደርሺ ቀቅለሽዋል።» ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ተቆጡ። «ደግሞስ ለምን አንቺ ለቅመሽ ትወስጃለሽ? ማን ነው ዓሣውን የከፈተው?»

ሌላ አልጨመሩም፤ መጨመርም አላስፈለገም።

ሁለተኛው ስብሰባ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ መስኮት ላይ ሁሉ ሰው ነበር። ዓሣዎቹን ከመኪናው እንደወረዱ በበረዶ ሣጥን፣ ሳይከፈቱ አስመጣሁ። በረዶ ላይ የተኛ ትል ይደነዝዛል እንጂ አይሞትም። የብርሃን ጠረጴዛዬን መሐል አቆምኩ። ጫልቱ ምድጃዋንና መጥበሻዋን ይዛ ጥግ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ዶክተር ሳሙኤልና ኤርሲዶም መጥተዋል። ጓድ ክፍሌ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ንግግር እንዳይኖር ለምኜው ነበር፣ እሺ ብሎኛል።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ዛሬ እኔ ምንም አልነካም» አልኩ። «ዓሣውን አንተ ምረጥ። አንተ ክፈት። ሎሚውንም አዋዜውንም ከቤትህ ያመጣኸውን ተጠቀም።»

«አረቄም ይዣለሁ» አለ ጋሽ ዘለቀ፤ ሕዝቡ አጨበጨበለት።

ትልቁን መርጦ ሆዱን ሰነጠቀው። ንጹሕ ነበር፤ አንድም ትል የለም። ጉምጉምታ ተነሣ። «የት አለ ዘንዶው?» አለ አንዱ ከኋላ። እጄ ወደ ቢላው ሊሄድ ሲል በሌላው እጄ ያዝኩት።

«ሥጋውን ስስ አድርገህ ቁረጥና መስታወቱ ላይ አድርገው» አልኩት።

በቁርጥ የሠለጠነ እጅ ነው፤ እንደ ወረቀት አሳስቶ ቆረጠው። ዘረጋው። አምፖሉን አበራሁ። ሥጋው ቀላ፤ ከመካከሉ ትንሽ የተጠቀለለች ጥላ ታየች። ጋሽ ዘለቀ ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ ብሎ ቆየ። በቢላው ጫፍ ራሱ አወጣት። መዳፉ ላይ አኖራት። ከበረዶው ወጥታ የመዳፉ ሙቀት ሲነካት ቀስ ብላ ተፈታች፤ ከዚያም ራሷን አነሣች።

«ኧረ በሥላሴ!» ብሎ እጁን አራገፈ፤ ፊት ያሉት ሁሉ ወንበራቸውን ይዘው ሸሹ።

ከዚያ ወዲያ እኔን የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ወንዶቹ ተሻምተው ይከፍቱ፣ ይቆርጡ፣ ይለቅሙ ጀመር። በሻይ ብርጭቆ ሎሚ ተጨመቀ፣ በሌላው አዋዜ ተበጠበጠ፣ በሌላው አረቄ፣ በአራተኛው አንዲት ባልቴት ያመጡት የተወቀጠ ኮሶ። በየብርጭቆው ትል ገባ። ሰው እየተሰለፈ ያያል። ሎሚው ውስጥ ያለው ባሰበት፤ እንደ ጅራፍ ይገረፍ ጀመር። አዋዜው ውስጥ ያለው ቀይ ሆኖ ይዋኛል። ኮሶው ውስጥ ያለው ግድም አልሰጠው።

«አረቄው ውስጥ ያለውስ?» አለ ጋሽ ዘለቀ በተስፋ።

አንዱ ብርጭቆውን አንሥቶ በብርሃኑ አየው። «ሰክሯል እንጂ አልሞተም!» አለ። አዳራሹ ፈነዳ፤ ጓድ ክፍሌ ራሱ ሲስቅ አየሁት።

ሳቁ ሲበርድ ኤርሲዶ ብድግ አለ። የተሰበረ አማርኛውን እየፈለገ «ድሮ፣ ትራክተር ሳልነዳ፣ ሸንኮራ ስንቆርጥ ማጭድ እግሬን መትቶኛል» አለ። «ያ ቀላል ነው። ይሄ ከውስጥ ነው የሚቆርጥ። ኮሶ ጠጣሁ፤ ኮሶ እኔን ገደለ፣ እሱን አልገደለም።» ማንም አልሳቀም።

«እንግዲህ ጫልቱ ትቀጥል» አልኩ።

ጫልቱ ትል ያለበትን ቁራጭ በሁሉም ፊት የጋለ ዘይት ውስጥ ጣለችው። እስከ ውስጡ እስኪበስል ጠበቀች፤ አወጣች፤ ጋሽ ዘለቀ ሰንጥቆ ትሉን በቢላ ጫፍ አወጣው። ነጭ፣ ደርቆ የቀረ ክር ነበር። ሎሚ ቢጨምቅበት፣ መዳፉ ላይ ቢያሞቀው፣ አልተነሣም። ዶክተር ሳሙኤል ቀጠለና፣ በማቀዝቀዣ ድንጋይ እስኪሆን ደርቆ ሳምንት ያለፈው ዓሣም ትሉ እንደሚሞት፣ አንዳንድ ሰው ግን የሞተውም ቢሆን ሰውነቱን ሊያሳብጠው ስለሚችል የታየው ሁሉ ተለቅሞ መጣል እንዳለበት አስረዳ። እኔም ዓሣ አስጋሪዎቹ እዚያው ጀልባ ላይ ሆዱን ካጸዱት አብዛኛው ትል ወደ ሥጋው እንደማይገባ ተናገርኩ።

ጓድ ክፍሌ ተነሣ። ወደ ጫልቱ ሄደ። «ጓዲት፣ አንድ ቁራጭ ጥበሺልኝ» አለ። ጠበሰችለት፤ ሎሚም ጨመቀችበት፣ ለጣዕሙ። ቆሞ በላ። አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና «እሽጉ ይነሣ» አለ።

ጫልቱ ያወጣችው እልልታ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እላዬ ላይ ተጠምጥማ፣ ዘይት በዘይት አደረገችኝ። ቀሚሴ ተበላሸ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጓድ ክፍሌም ችኩልነቱ ለመልካም ሆነልን። በዚያው ሳምንት ወደ አሰብ አስታወቀ። ሹፌሩ በቀጣዩ ጭነት ሣጥኑን ከፍቶ «ሲስተር፣ ሆዳቸውን ባዶ አድርገው ላኩልሽ» ሲለኝ ያየሁት ዓሣ ጸድቶ፣ ታጥቦ የመጣ ነበር። መስታወቱ ላይ ስዘረጋው ጥላው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ መተሐራ፣ ሻሸመኔ፣ ተመልሼ ደግሞ አዳማ። ብዙ አለቃ መጥቶ ሄዷል። ሥራዬ መሥራቱን ግን ያወቅሁት በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ ነው። የጫልቱ ቤት ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ጥግ ላይ ቦታ አግኝቼ ምሳዬን እበላለሁ። ጋሽ ዘለቀ የተለመደ ቦታው ላይ ተቀምጦ የተጠበሰውን በሁለት እጁ ይዟል። አንድ መልከ መልካም የአዲስ አበባ ሰው ከባቡር ወርዶ ገባና ወንበር ስቦ፣ «የጾም ቁርጣችሁ ዝነኛ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው፤ ለእኔ ጥሬውን፣ ሎሚ በዛ አድርጊበት» አለ።

ጫልቱ አፏን ልትከፍት ስትል ዞር ብላ አየችኝ። እኔም ልናገር ጉርሻዬን ዋጥኩ። ማናችንም አልደረስንም። ጋሽ ዘለቀ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ ከዚያም ቤቱ ሁሉ፣ ከበሩ እስከ ጓዳው፣ በአንድ ድምፅ «ይጠበስለት!» አለ።